ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም

ምድር ቤት ነው ቤቴ፤ ዊኒፔግ፤ ጥር ወር ነው፤
ያለኝን አንድ መስኮት በረዶ ደፈነው።
ኮምፒውተሬም እንደኔው ከመስኮት አልታደለም፤
ትምህርት ቤት የጣለው የአርባ ዶላር ዕቃ ነው፤ ዊንዶውስ የለውም፤
ሊኑክስ ነው ያደረበት፤ ኪራይ አይጠይቅም።

ቀን ቀን ሆስፒታል ነኝ፤ ቃል አሻጋሪ ነኝ፤
ሐኪሙ ከወዲያ፣ ታማሚው ከወዲህ፣ መሀል ያስቀምጡኝ።
ትናንት አንዲት እናት «ሆዴ ባባ» ቢሉ፣
ሐኪሙ ሆዳቸውን ሊዳስስ ጓንቱን ሲያጠልቅ፣
እጁን ያዝ አደረግሁት፤
«ሆድ አይደለም፤ ዕንባ ነው፤ ትንሽ እንጠብቅ።»

ከላይ ኦረስት አሉ፤ አከራዬ፤ ሰማንያ አንድ የሞላቸው፤
ሲሚንግተን የባቡር ግቢ ሠላሳ አራት ዓመት
ፉርጎ ሲያቆራኙ አንድ ጣት የጎደላቸው።
አንድ ማታ ወረዱ፤ ሲዲ በእጃቸው፤ ክዳኑ የተሰነጠቀ፤
የባቡር ጨዋታ ነው፤ ሃያ ምናምን ዓመት መሳቢያ ውስጥ የዘለቀ።
«የልጅ ልጄ የገዛልኝ አዲሱ ማሽን ፊቱን አዞረበት፤
ዊንዶውስ ለዊንዶውስ! የገዛ አያቱ ላይ በሩን ዘጋበት።»

ሦስት ማታ ፈጀብኝ።
በመጀመሪያው ጥቁር፤ ዝም ያለ ጥቁር ሰሌዳ ብቻ፤
በሁለተኛው ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን፤ ባቡሩ ሰማይ ላይ፣ ለብቻ፤
ከዚያ ደግሞ የጎደለ ፋይል ስም ጠርቶ ዘጭ ይላል፤
ያንን ሳመጣለት የወንድሙን ስም ይጠራል፤
እንደ ሠርግ ጥሪ፦ አንድ ዘመድ ከተረሳ ሁሉም ያኮርፋል።

የፕሮግራሙ ስም ወይን ነው። አስመሳይ አይደለም፤
ዊንዶውስን ለመምሰል ካባ አይደርብም።
ጨዋታው በራሱ አፍ «በር ክፈትልኝ» ይላል፤
ወይን ይሰማና፣ ዞር ብሎ፣ ለሊኑክስ በሊኑክስ አፍ ይነግራል።
ይኸው ነው። ሥራውን አውቀዋለሁ፤
ደሞዝ የማይቀበል ባልደረባ አግኝቻለሁ።

በአራተኛው ማታ ሜዳው ከነእህል ጎተራው ወለል አለ፤
ኦረስት በካልሲ ቆመው ቀሩ፤ ዓይናቸው ቀዩ ባቡር ላይ እንደ ተተከለ።
«ምን አድርገህ አስነሣኸው?» «ወይን ነው» አልኋቸው።
«እኔስ ካቆምሁ አሥራ ሁለት ዓመቴ» አሉ፤ ሳቀ ጥርሳቸው።

ባቡሩ ሄደ። ግን ድዳ ነው።
መንኮራኩሩ አይንኳኳ፤ ፉጨቱ ድንበር ላይ የቀረ ነው።
ሆስፒታልም እንዲሁ ነው፤
ታማሚው የተናገረው ይደርሳል፤
የተናገረበት ድምፅ ግን በር ላይ ይቀራል።
አፈርሁ።
ጎንበስ አልሁ፤ ቅንብሩን ልፈትሽ፤ አራተኛውን ማታ ልጨምር፤
እጄን ያዝ አደረጉት፤ በአራት ጣት፤
«ቆይ፤ መሻገሪያው ደረሰ። እንዳትናገር።»

ደረታቸውን ሞሉ፤
ኡኡኡኡ — ኡኡኡኡ — ኡ — ኡኡኡኡ!
ጣሪያዬ ዝቅተኛ ነው፤ ድምፁ መውጫ አጥቶ ዞረ፤
የጎረቤት ውሻ፣ ሠላሳ አንድ ከዜሮ በታች ላይ ቆሞ፣ መልስ ወረወረ።

በኔ ቋንቋ ኡኡታ «ድረሱልኝ» ነው፤
በሳቸው ግን «መጣሁ፤ ከሐዲዱ ዞር በሉ» ማለት ነው።
አንዱንም አልተረጎምሁም።

ባቡሩ አለፈ። ኦረስት ወደ ሰሌዳው ቀረብ ብለው፣
በሌለው ጣታቸው ቦታ ባለው እያመለከቱ፣
«ያ መብራት» አሉ «ቦታው አይደለም፤
እዚያ ኩርባ ላይ ሰው ይገድላል።
ነገ አስተካክለው።»